የአያ ጅቦ የማጋባት ፈቃድ

አንድ ጊዜ በአንድ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ እንስሳትን የምታጋባ አሮጊት ኤሊ ነበረች። ማንም አልሾማትም፤ ማንም አልከለከላትም። ድኩላውም፣ ከርከሮውም፣ ጅግራውም ትዳር ሲያስብ እሷ ወደምትቀመጥበት ሾላ ሥር ይሄድ ነበር። ኤሊ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁማ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ በፈቃዳቸው መጥተው እንደሆነ፣ አንዱ ቢታመም ሌላው ጥሎት ይሄድ እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች። መልሳቸው ልቧን ካልሞላው ከክረምት በኋላ እንዲመለሱ ነግራ ትሸኛቸዋለች። ከእነዚህ ብዙዎቹ አይመለሱም። የተመለሱት ግን አብረው ያረጃሉ።

ካጋባቻቸው መካከል ዳለቻ የሚባል አህያና ሚስቱ ወለላ ይገኙበት ነበር። ዳለቻ ዝምተኛ ነው፤ የታዘዘውን የሚፈጽም፣ የተነገረውን የሚያምን። ወለላ ደግሞ ተጠራጣሪ ናት፤ ሣር እንኳ አሽትታ አሽትታ ነው የምትግጠው። እንዲህ ተለያይተውም ይስማሙ ነበር። ውኃ ሲጠጡ ሁልጊዜ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነው። በተጋቡ በዓመቱ ወለላ አረገዘች።

በዚያው ዓመት ሁለት ነብሮች በአንዲት ሚስት ተጣልተው ከንጉሡ ከአንበሳ ፊት ቀረቡ። ሁለቱም ያጋባን ጦጣ ነው አሉ። ጦጣው ተጠርቶ ሲጠየቅ ሁለቱንም ማጋባቱን አልካደም፤ ለጨዋታ ያደረገው መሆኑን ብቻ ተናገረ። አንበሳ ተቆጣ። በማግስቱም አዋጅ አስነገረ። ከእንግዲህ የንጉሡ መዳፍ ያረፈበት የማጋባት ፈቃድ ከያዘ በቀር ማንም ማንንም አያጋባም፤ ከዚህ በፊት ያለ ፈቃድ የተፈጸመ ጋብቻም ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ የተጋቡት ፈቃድ ካለው ዘንድ ቀርበው እንደገና ይጋቡ የሚል ነበር።

አዋጁ የወጣው በክረምት ስለነበር መጀመሪያ ማንም አልተጨነቀበትም። በየጉድባው ውኃ ሞልቷል፤ ሣሩ ለምልሟል። በጋ ሲገባ ግን በሸለቆው የማይደርቅ አንድ ምንጭ ብቻ ይቀራል። ምንጩን የሚጠብቀው ጎሽ ነው። በሸለቆው ልማድ ጠዋት ቀድመው የሚጠጡት ባለትዳሮችና ልጆቻቸው ናቸው። ብቸኞቹ የሚደርሳቸው ሌላው ሁሉ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ የሚተርፈው ጭቃ ነው።

አንድ ጠዋት ወለላ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ከዳለቻ ጋር ወደ ምንጩ ስትቀርብ ጎሹ ቀንዱን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋ። ያጋባቸው ባለፈቃድ የት እንዳለ ጠየቃቸው። ዳለቻ ያጋባቻቸው ኤሊ መሆኗን፣ ጎሹ ራሱም በሠርጋቸው ላይ እንደነበረ አስታወሰው። ጎሹ አልካደም። ክፉ አልነበረም። የታዘዘው ግን የንጉሡን መዳፍ እንዲያይ ነው፤ እነሱ የሚያሳዩት መዳፍ የለም። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ከብቸኞቹ ጋር ተሰልፈው እስከ እኩለ ቀን ጠብቀው ጭቃውን ላሱ። በነጋታውም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን የወለላ ከንፈር ተሰነጠቀ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወደ ሾላው ሄደው የደረሰባቸውን ለኤሊ ነገሯት። ኤሊ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። ከዚያም አንገቷን ከድንጋይ ልብሷ አውጥታ ተነሣች።

«ያጋባኋችሁ እኔ ነኝ፤» አለች። «ፈቃዱንም እኔው አመጣዋለሁ።»

የአንበሳ ዋሻ ያለው ከሸለቆው ማዶ በኮረብታው ራስ ላይ ነው። አህያ በአንድ ቀን ይደርስበታል፤ ለኤሊ ግን የአራት ቀን መንገድ ነው። ዳለቻ በጀርባው ተሸክሞ ሊወስዳት ለመናት። እሷ ወለላ በዚህ ሁኔታ ብቻዋን አትቀርም ብላ እምቢ አለች። ይህን እምቢታዋን ኋላ ብዙ ጊዜ አሰበችው።

በአራተኛው ቀን ከኮረብታው ራስ ደረሰች። በዋሻው ደጃፍ የንጉሡ ጸሐፊ ቀበሮ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ቀበሮ ለሁሉም ትሑት ነው፤ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እምቢ የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ኤሊን ሲያያት ብድግ ብሎ እጅ ነሣ፤ ስንት ዓመት ስታጋባ እንደኖረች ጠየቃት፤ ስትነግረው አደነቀ። ከዚያም በእግሮቿ መካከል ያመጣችው ነገር ይኖር እንደሆነ በዓይኑ ፈለገ። ኤሊ ምንም አልያዘችም ነበር። ለጸሐፊ የሚበላ ነገር ይዞ መቅረብ ልማድ መሆኑን የነገራት አልነበረም፤ ቢነግሯትም አታደርገውም።

«እሜቴ፣ እርስዎን የመሰለ አጋቢ ከየት ይገኛል?» አላት ቀበሮ። «ችግሩ ሕጉ ነው። ያጋቧቸው በሰላም ለመኖራቸው ምስክር ያስፈልጋል። ከሦስት ቤተሰብ ምልክት ያምጡልኝ፤ የቀረውን ለእኔ ይተዉት።»

ኤሊ ጊዜ አላጠፋችም። አራት ቀን ተመልሳ ተጓዘች። ከሸለቆው ስትደርስ ከከርከሮው ቤት አንድ ጠጉር፣ ከጅግራው ቤት አንድ ላባ፣ ከድኩላው ቤት አንድ የተሰበረ የቀንድ ጫፍ ተቀበለች። ሁሉም እየመረቁ ሰጧት። ወለላን በመንገድ አገኘቻት፤ የጎድን አጥንቷ መቆጠር ጀምሯል። ኤሊ በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃዱን ይዛ እንደምትመለስ፣ እስከዚያ የትም እንዳይሄዱ አደራ ብላ ሦስቱን ምልክቶች በቅጠል ጠቅልላ እንደገና ጉዞ ጀመረች።

እሷ በመንገድ ላይ ሳለች አያ ጅቦ ወደ ቀበሮው ዘንድ ሄደ። አያ ጅቦ ስለ ትዳር አንድም ቀን አስቦ አያውቅም። ሠርግ ባለበት ሥጋ አለ ሲባል ግን ሰምቷል፤ ይህ ከጆሮው አልወጣ ብሎት ሰነበተ። ለጸሐፊው አንድ የበሬ ታፋ ጎትቶ አመጣ። ግማሹን በመንገድ በልቶታል።

ሠርግ ላይ ሥጋ አለ የሚባለው እውነት መሆን አለመሆኑን ጠየቀ። ቀበሮው ታፋውን ወደ ጥላው እየሳበ፣ ለሚያጋባው ሳይቀርብለት ሠርግ እንደማይጀመር ነገረው። ከዚያም አሰበ። ጅብ ካጋባ የሚቀርብለትን ሁሉ ይበላል፤ ጠግቦም ይጥላል፤ የሚጥለውን ደግሞ የሚያነሣ አንድ ብልህ ከኋላው መኖር አለበት። ቀበሮው የጠዋቱን ሰዓት ሁሉ ለጅቡ የማጋቢያውን ቃል ሲያስጠናው ዋለ። ቃሉ አጭር ነው። አያ ጅቦ ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ ቀጥሎ ያለውን በያዘ ቁጥር የመጀመሪያው ይጠፋዋል።

ከሰዓት በኋላ ቀበሮው አንድ የዛፍ ቅርፊትና በቅጠል የተበጠበጠ ቀይ አፈር ይዞ ወደ ዋሻው ገባ። አንበሳ ካደነ በኋላ ጠግቦ ተጋድሟል። ቀበሮው ለሸለቆው አጋቢ መገኘቱን፣ ጠንካራ፣ ማንንም የማይፈራ መሆኑን አስረዳ። ሙሽሮቹ አንዱ ሌላውን እንዳያስፈራራው በየተራ፣ ለየብቻ ገብተው ቢጠየቁ መልካም መሆኑንም ጨመረ። ይህ ሐሳብ ለአንበሳ የፍትሕ ነገር መስሎት ደስ አለው።

«ቃሉን ያውቃል?» ሲል ብቻ ጠየቀ።

ቀበሮው እንደሚያውቅ ተናገረ። አንበሳ መዳፉን ቀይ አፈሩ ውስጥ ነክሮ በቅርፊቱ ላይ አሳረፈ። የሚሾመው ማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ዓይኑንም አልገለጠም።

አያ ጅቦ ፈቃዱን በሐረግ በአንገቱ አንጠልጥሎ ወደ ሸለቆው ወረደ። በማግስቱ ወሬው ሁሉ ጋ ደረሰ። ዳለቻም በምንጩ ሰልፍ ላይ ሆኖ ሰማ። ወደ ወለላ ሄዶ ሲነግራት ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ፊቷን አዞረች። ኤሊን እንጠብቅ አለችው። ዳለቻ ግን ከንፈሯን አየ፤ ሆዷንም አየ፤ ውርንጭላው ከደረቅ ሆድ ውስጥ በሕይወት ላይወጣ እንደሚችል ከፈራ ሰንብቷል። ኤሊም ብትፈጥን የምትመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

«ጅብነቱን አትይ፤» አላት። «አንገቱ ላይ የንጉሡ መዳፍ አለ። መዳፉ እያለበት እኛን ቢነካ ንጉሡን እንደመንካት ነው። አይደፍርም።»

ወለላ ብዙ ተከራከረችው። በመጨረሻ ጥማቱ አሸነፋትና ተከተለችው።

ከአያ ጅቦ ዋሻ ደጃፍ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልበረታችም። ጅቡ በትሕትና ተቀበላቸው። ከልቡም ደስ ብሎት ነበር፤ ሊያጋባ የመጡለት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሕጉ በየተራ እንዲገቡ እንደሚያዝ ነግሯቸው ሙሽራው እንዲቀድም ጠየቀ። ዳለቻ ትከሻውን በትከሻዋ አሻሽቶ ወደ ውስጥ ገባ። ወለላ ደጅ ቀረች።

የጅቡን ድምፅ ሰማች። «በፈቃድህ ነው የመጣኸው?»

«አዎ፣ በፈቃዴ ነው፤» ሲል ባሏ መለሰ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

«እንግዲህ…» አለ ጅቡ፤ አቆመም። ጥቂት ቆይቶ እንደገና «እንግዲህ…» አለ። ዳለቻ የጠፋውን ቃል ሊያስታውሰው፣ ኤሊ በሠርጋቸው ቀን ያለችውን ቀስ ብሎ ሲነግረው ተሰማት። ከዚያ አንድ ኮቴ ድንጋይ መታ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።

ወለላ ቆማ ጠበቀች። እግሯ ሂጂ ይላታል፤ ልቧ ደግሞ አሁን ይወጣል ይላታል። ብዙ ቆይቶ የወጣው ጅቡ ነው። አፉን እየላሰ ነበር። ፈቃዱ አሁንም በአንገቱ ተንጠልጥሏል፤ ቀዩ መዳፍ በሌላ ቀይ ተለውሷል።

«ሙሽሪት ትግባ፤» አለ።

ወለላ ያን ከባድ ሆዷን ተሸክማ ሮጠች። ጅቡ በጣም ጠግቦ ስለነበር አልተከተላትም።

በዚያው ሰዓት ኤሊ በኮረብታው ላይ ሦስቱን ምልክቶች ከቀበሮው ፊት እየዘረጋች ነበር። ቀበሮው ላባውን አገላብጦ አየ፤ የቀንዱን ጫፍም አደነቀ። ከዚያም በጣም እያዘነ፣ ለአንድ ሸለቆ አንድ አጋቢ ይበቃል መባሉን፣ ቦታውም በቅርቡ መያዙን ነገራት።

«ለማን ተሰጠ?» ስትል ጠየቀች።

«ለአያ ጅቦ።»

ኤሊ ምልክቶቹን አላነሣችም። ዞራ ቁልቁለቱን ጀመረች። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ፈጥና አታውቅም፤ ድንጋይ ላይ እየተንከባለለች፣ ልብሷ እየተፋቀ ወረደች። አራቱን ቀን በሦስት ቀን ጨረሰችው። ከሾላው ሥር ወለላ ብቻዋን ተኝታ አገኘቻት። ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች።

በማግስቱ ወለላ ተነሥታ ተንበረከከችና ጀርባዋን ሰጠቻት። ኤሊ እምቢ አላለችም። ለኤሊ አራት ቀን የሚፈጀው መንገድ በአንድ ቀን አለቀ።

ከንጉሡ ፊት ሲቀርቡ ጅቡም ተጠርቶ መጣ። አንበሳ ምን እንዳደረገ ጠየቀው። አያ ጅቦ መዋሸት አያውቅበትም፤ ያጠፋም አልመሰለውም።

«ጃንሆይ፣ በፈቃድህ ነው የመጣኸው ብዬ ጠየቅሁት። አዎ በፈቃዴ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቃል ረሳሁት። እርቦኝም ነበር።»

አንበሳ ጥፍሩን ከመሬቱ ውስጥ ሰካ። ሊፈርድበት አፉን ሲከፍት ቀበሮው ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። በዝቅተኛ ድምፅ ቢናገርም ሁሉም ሰሙት። በፈቃዱ ላይ ያረፈው መዳፍ የማን እንደሆነ አስታወሰ። ፈቃዱ ስሕተት ነው ከተባለ የተሳሳተው ማን ሊሆን እንደሚችልም ጠየቀ። አንበሳ የራሱን መዳፍ ገልብጦ አየ።

ቀበሮው ቀጠለ። «ደግሞም ጃንሆይ፣ የፊተኛው ጋብቻ በአዋጁ ፈርሷል። የኋለኛው አልተፈጸመም። ባል ያልነበራት፣ ባሌ ሞተብኝ ብላ ልትከስ አትችልም።»

አንበሳ ይህንኑ ፈረደ። ሲፈርድ ወደ ወለላ አላየም። የምትለው ካለ እንድትናገር ፈቀደላት።

«በሆዴ ያለው የማን ነው ታዲያ?» አለች ወለላ።

ቀበሮውም ጸሐፊ ሆኖ ሳለ ይህን ሳይጽፈው ቀረ።

ኤሊ ወደ ፊት ቀረበች። ስለ ዳለቻ ፍርድ እንደማትለምን፣ ንጉሡ ያን ለመስጠት እንደማይችል እንደተረዳች ተናገረች። የምትለምነው ያን ጊዜ የመጣችበትን ፈቃድ ነው። ቀበሮው ለአንድ ሸለቆ አንድ አጋቢ ሲል ሊጀምር ነበር፤ አንበሳ በዓይኑ ዝም አሰኘው። ቅርፊት አስመጥቶ መዳፉን አሳረፈበት። ለኤሊ አስቦ ይሁን ቶሎ ከፊቱ እንዲሄዱለት ፈልጎ፣ እሱ ያውቃል። ምስክር አልጠየቃትም፤ ቃሉን ታውቂያለሽ ወይ አላላትም።

ወደ ሸለቆው በተመለሱ በነጋታው ጠዋት ኤሊና ወለላ ወደ ምንጩ ሄዱ። ባለትዳሮቹ ተሰልፈዋል። ጎሹ ቀንዱን ሲዘረጋ ኤሊ ቅርፊቱን ከፊቱ አኖረች። ማንን እንዳጋባች ጠየቃት።

«ወለላን ከዳለቻ ጋር፤» አለች ኤሊ።

ከተሰለፉት መካከል ዳለቻ የት እንዳለ የማያውቅ አልነበረም፤ ጎሹም ያውቃል። ጎሹ ቅርፊቱን ብዙ ጊዜ ተመለከተ፤ ከዚያ ወለላን፤ ከዚያም ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ። የታዘዘው መዳፉን እንዲያይ ነው።

«መዳፉ አለ፤» አለና ቀንዱን አነሣ።

ወለላ ወደ ውኃው ወረደች። ስትጠጣ እንደ ልማዷ ወደ አንድ ወገን ጠጋ ብላ፣ በትከሻዋ አጠገብ የአንድ አህያ ቦታ ትታ ጠጣች። ከኋላዋ የተሰለፈ ማንም ወደዚያ ቦታ አልገባም። በሳምንቱ ውርንጭላዋ ተወለደ፤ ከሲታ ነው፤ ግን ቆመ።

ኤሊ አንድ ቀን ዳለቻ ይሸከመኝ ሲለኝ እሺ ማለት ነበረብኝ አለቻት። ወለላ ውርንጭላዋን እየላሰች ቆየች።

የአያ ጅቦ ፈቃድ አልተሰረዘም። የንጉሡ መዳፍ ያረፈበትን የሚሰርዝ ሌላ መዳፍ አልነበረምና። ጅቡ በዋሻው ደጃፍ ቅርፊቱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ሙሽሮችን መጠበቁን ቀጠለ፤ ቀበሮውም አልፎ አልፎ የተረፈውን ሊያነሣ ይወርዳል። የሸለቆው እንስሳት ሁሉ ያውቃሉ፤ አይሄዱበትም። ያ በጋ ግን ክፉ ነበርና ከማዶ ካሉ አገሮች ውኃ ፍለጋ የተሰደዱ ብዙዎች ወደ ሸለቆው ገቡ። እነሱ ወሬውን አልሰሙም። ሾላው ከመግቢያው ይርቃል፤ ዋሻው ደግሞ መንገድ ዳር ነው። ከእነሱ መካከል ሦስት ጥንዶች በደጃፉ ቆሙ። ቀዩን መዳፍ አዩ፤ አመኑት። በየተራም ገቡ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥልጣን የሚሰጥ ሰው የሚሾመውን ሳይመረምር ካተመ፣ ማኅተሙን አምነው የመጡ ንጹሐን የሚጠፉት በራሱ እጅ መሆኑን ነው።